የበጉ ሳንባና የእኛ ሳንባ፦ ቫይረስ የሳንባ ካንሰር ያመጣል?

በሐረር ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ቫይረስ የሳንባ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ወይ? ጥያቄው ለተመራማሪ ብቻ የሚቀርብ ይመስላል እንጂ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሁሉ በሌላ አነጋገር ይነሣል። «ሲጋራ በአፏ ዞሮ አያውቅም፤ ታዲያ ይህ በሽታ ከየት መጣባት?» ይላል ባል። «ይጋባ ይሆን እንዴ? ልጆቹን ላርቃቸው?» ትላለች እህት። ሁለቱም ሳያውቁት ስለ ቫይረስ እየጠየቁ ነው። እኔም የታወቀውን እንደታወቀ፣ የተጠረጠረውን እንደ ጥርጣሬ አድርጌ ለየብቻ አቀርብላችኋለሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ትምባሆን ላንሣ፤ ስለ ቫይረስ ሲወራ የሚያጨስ ሰው እፎይ እንዲል አልፈልግም። በ1950 ሪቻርድ ዶልና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል የተባሉ እንግሊዛውያን በለንደን ሆስፒታሎች የተኙ ሕመምተኞችን ጠይቀው በማጨስና በሳንባ ካንሰር መካከል ያለውን ግንኙነት አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ጥናት ሁሉ አጠናከረው እንጂ አላፈረሰውም። በ2022 ብቻ በዓለም ዙሪያ ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በሳንባ ካንሰር እንደተያዙና 1.8 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ በሽታ እንደሞቱ ተገምቷል፤ ከሁሉም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ትምባሆ ነው።

ሆኖም ከሕመምተኞቹ ከ10 እስከ 25 በመቶ የሚሆኑት አጭሰው አያውቁም። በምሥራቅ እስያ ደግሞ በሳንባ ካንሰር ከሚያዙት ሴቶች አብዛኞቹ የማያጨሱ ናቸው። ተመራማሪዎች ቫይረስን መጠርጠር የጀመሩት በእነዚህ ሰዎች ምክንያት ነው።

ጥርጣሬው ከባዶ የተነሣ አይደለም። በ1909 አንድ ገበሬ ደረቷ ላይ እብጠት የወጣባትን ዶሮ ይዞ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ሄደ። ዶሮዋን የተቀበለው ፔይተን ራውስ የተባለ ወጣት ሐኪም እብጠቱን ቆርጦ ፈጨው፤ ከዚያም ሕዋስ በማያሳልፍ ረቂቅ ማጣሪያ አጣራው፤ የተጣራውን ፈሳሽ ጤነኛ ዶሮዎችን ወጋቸው። ዶሮዎቹም ያንኑ ካንሰር አበቀሉ። ሕዋስ ካላለፈ ያለፈው ከሕዋስ ያነሰ ነገር ነው፤ ይኸውም ቫይረስ ነበር። ራውስ ይህን በ1911 አሳተመ። የሚሰማው ሰው ግን አላገኘም፤ «የዶሮ ነገር ነው» ተብሎ ተተወ። የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነው።

እዚህ ላይ ሐረርን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ሁላችሁም የምታውቁት ባለቅኔ አርተር ራምቦ በሚያዝያ 1891 ከዚህች ከተማ በቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ዘይላ ሲያወርዱት ጉልበቱ አብጦ መራመድ አቅቶት ነበር። በግንቦት ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ ኅዳር 10 ቀን በ37 ዓመቱ አረፈ። የገደለው የአጥንት ካንሰር እንደሆነ ይነገራል። ያን ጊዜ በፈረንሳይም ሆነ በሐረር ካንሰር ከምን እንደሚነሣ የሚያስረዳ ሐኪም አልነበረም። የራውስ ዶሮ የመጣችው ከዚያ 18 ዓመት ቆይታ ነው። ይህ እውቀት ምን ያህል ትናንት የተገኘ እንደሆነ ለማሳየት ነው የጠቀስኩት።

ዛሬ ካንሰር እንደሚያመጡ የተረጋገጡ ቫይረሶች ጥቂት አይደሉም። በ1964 በአፍሪካ ሕፃናት መንጋጋ ላይ ከሚወጣ ዕጢ ኤፕስታይን ባር የተባለው ቫይረስ ተገኘ። ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ ጉበትን ያጠቃሉ። ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ፣ በአጭሩ ኤች.ፒ.ቪ፣ የማሕፀን በር ካንሰርን ያመጣል፤ ይህን ያሳየው ጀርመናዊው ሃራልድ ሱር ሃውዘን በ2008 ኖቤል ተሸልሟል። በ2018 በዓለም ከታዩት ካንሰሮች 13 በመቶ ያህሉ ከተላላፊ ተሕዋስያን ጋር የተያያዙ እንደነበሩ ተገምቷል፤ ከእነዚህ መካከል ባክቴሪያም አለበት። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ጉበት አለ፣ የማሕፀን በር አለ፣ ጉሮሮ አለ፣ ጨጓራ አለ። ሳንባ ግን የለም። ለምን የለም? መልሱን ከበግ እንጀምር።

ዶሊ የተባለችውን በግ ብዙዎቻችሁ ታስታውሷታላችሁ፤ ከአንዲት ትልቅ በግ ሕዋስ ተባዝታ በ1996 ስኮትላንድ ውስጥ የተወለደችው ናት። በየካቲት 2003 ገና በስድስት ዓመቷ በመርፌ እንድትሞት ተደረገ። ብዙ ሰው የሞተችው ተባዝታ ስለተፈጠረች ይመስለዋል። ሳንባዋ ውስጥ የተገኘው ግን ያግሲክተ የሚባለው የበጎች ቫይረስ ያመጣው ካንሰር ነበር።

ይህ በሽታ በቅርብ ሲታይ ያስደነግጣል። በጓ መጀመሪያ ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ዳገት ላይ ቆም ብላ ታለከልካለች። የምግብ ፍላጎቷ አልቀነሰም፤ ሥጋዋ ግን ይሟሽሻል። እረኛው ወይም የእንስሳት ሐኪሙ የኋላ እግሮቿን ከፍ አድርጎ ጭንቅላቷን ዝቅ ሲያደርግ ከአፍንጫዋ ንጹሕና አረፋ ያለው ውሃ ይፈሳል፤ አንዳንዴ ብርጭቆ ይሞላል። ስትታረድ ሳንባዋ ከጤነኛው ብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ ስፖንጅ መሆኑ ቀርቶ ጠጥሯል፣ ግራጫ ሆኗል። የሚፈሰው ውሃ ከሌላ ቦታ የመጣ አይደለም። የሳንባን የአየር ከረጢቶች የሚያለሰልስ ፈሳሽ የሚያመነጩት ሕዋሳት ራሳቸው ናቸው ካንሰር የሆኑት፤ ያለ ልክ ተባዝተው ያለ ልክ ያመነጫሉ።

ቫይረሱ ይህን የሚያደርግበት መንገድ በእውነት አስገራሚ ነው። አብዛኞቹ ካንሰር አምጪ ቫይረሶች ለዚህ ሥራ የሚያገለግል የተለየ ዘረመል አላቸው። የበጉ ቫይረስ ግን የሚጠቀመው የውጭ ልባሱን ነው። ወደ ሕዋሱ ለመግባት የሚገለገልበት ያው ፕሮቲን ከገባ በኋላ ሕዋሱን «ተባዛ» የሚል ትእዛዝ ውስጥ ይከተዋል። በትንፋሽ ከበግ ወደ በግ ይተላለፋል፤ ግልገሎችም ከእናታቸው ወተት ሊይዛቸው ይችላል። ከተያዙት በጎች አብዛኞቹ ዕድሜያቸውን ሙሉ አይታመሙም፤ በሚታመሙት ላይም ከወራት እስከ ዓመታት ተደብቆ ይቆያል። ደግሞም የበጉ ሰውነት ቫይረሱን እንደ ባዕድ ስለማያየው በደም ውስጥ ፀረ እንግዳ አካል አይገኝም፤ በመሆኑም በጉ በሕይወት ሳለ በደም ምርመራ መለየት እጅግ አስቸጋሪ ነው። አይስላንድ በ1933 ከጀርመን ካስገባቻቸው አውራ በጎች ጋር ይህ በሽታ ገባባት። መንጋ ሙሉ እያረዱ ከአገሪቱ ያጠፉት ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ደክመው ነው።

በሽታው ለእኛም አገር እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያውያን የእንስሳት ሐኪሞች በመካከለኛው ደጋ በጎች ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ ባደረጉት ምርመራ ይህንኑ ዓይነት የሳንባ ዕጢ ማየታቸውን በ2010 አሳትመዋል። ይህን ስትሰሙ የሚመጣባችሁ ስጋት ይገባኛል። ይህ የበግ ካንሰር ወደ ሰው እንደሚተላለፍ፣ በእረኝነትም ሆነ ሥጋ በመብላት ሰው እንደሚይዝ ያረጋገጠ ማስረጃ የለም። የአንዳንድ ሰዎች የሳንባ ካንሰር በማይክሮስኮፕ ሲታይ የበጉን ስለሚመስል ተመራማሪዎች ቫይረሱን በሰው ዕጢ ውስጥ ፈልገዋል። ጥቂቶች ፍንጭ አየን ብለው ነበር፤ ዘረመሉን በጥንቃቄ የፈለጉት ግን አላገኙትም።

ታዲያ የበጉ ነገር ለምን ይጠቅመናል? ሳንባ በቫይረስ ምክንያት ካንሰር ሊይዘው የሚችል አካል መሆኑ በበግ ተረጋግጧል። ስለዚህ ጥያቄውን «የማይሆን ነው» ብሎ መተው አይቻልም። በሌላ በኩል ደግሞ በጉ ላይ የተረጋገጠው ቫይረሱን ለይተው፣ ጤነኛ ግልገል ላይ አድርገው፣ ዕጢው ሲወጣ አይተው ነው። በሰው ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም፤ አይገባምም። በሰው ላይ ያለን አማራጭ ዕጢው ከወጣ በኋላ ውስጡን መፈተሽ ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

በሰው ሳንባ ካንሰር ከሁሉ በላይ የተጠረጠረው ኤች.ፒ.ቪ ነው። በ1979 ፊንላንዳዊው ካሪ ሱርያነን በአንዳንድ የአየር ቧንቧ ካንሰሮች ላይ ኤች.ፒ.ቪ በሌላ ቦታ የሚያደርሰውን የሚመስል ለውጥ አይቶ ሐሳቡን አቀረበ። በ2001 ደግሞ ከታይዋን አንድ ጥናት ወጣና መነጋገሪያ ሆነ። 141 የሳንባ ካንሰር ሕመምተኞች ዕጢ ሲመረመር 54.6 በመቶው ላይ የኤች.ፒ.ቪ 16 ወይም 18 ዘረመል ተገኘ፤ ካንሰር ካልያዛቸው 60 ሰዎች ሳንባ ግን በ26.7 በመቶው ላይ ብቻ። በማያጨሱ ሴቶች ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ታየ። ብዙ ሰው «ይኸው፤ ምክንያቱ ተገኘ» አለ።

እኔ ግን ሁለተኛው ቁጥር ላይ ነው የምቆመው። ካንሰር ከሌለባቸው ሰዎች ሩብ ያህሉም በሳንባቸው ቫይረሱ ከተገኘ፣ መገኘቱ ብቻ ምን ያስረዳል? ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ያገኙት መጠን ከታይዋኑ እጅግ ያነሰ ነበር። የዕጢን ዘረመል ከዳር እስከ ዳር የሚያነቡት አዳዲስ ዘዴዎች ሲመጡ ደግሞ ኤች.ፒ.ቪ በሳንባ ዕጢ ውስጥ እምብዛም አልታየም። ለልዩነቱ ሦስት ነገሮች ይጠረጠራሉ። የድሮው ምርመራ አንዲት ቅንጣት ዘረመልን ሚሊዮን ጊዜ የሚያባዛ በመሆኑ ከቢላው፣ ከጠረጴዛው ወይም ከጎረቤት ናሙና የገባ ጥቂት ብክለት ሕመምተኛውን «ቫይረስ አለበት» ሊያሰኝ ይችላል። አንዳንዱ የሳንባ ዕጢ ደግሞ ከመጀመሪያውም የሳንባ አይደለም፤ ከማሕፀን በር ወይም ከጉሮሮ ተነሥቶ ወደ ሳንባ የተዛመተ ነው። ሦስተኛው፣ ቫይረሱ በእውነት እዚያ ነበረ፤ ግን ምንም አልሠራም።

እዚህ ሐረር ሸዋ በር ገበያ ውስጥ የአንድ ሰው ኪስ ቢዘረፍ፣ በዚያ ሰዓት ገበያው ውስጥ የነበረ ሁሉ ሌባ አይባልም፤ እጁ ኪስ ውስጥ የታየውን ነው የምንይዘው። በማሕፀን በር ካንሰር የኤች.ፒ.ቪ እጅ ታይቷል። ቫይረሱ ዘረመሉን ከሕዋሱ ዘረመል ጋር ይሰካል፤ ኢ6 እና ኢ7 የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ያለማቋረጥ ያመርታል። ኢ6 የተጎዳ ሕዋስ እንዳይባዛ የሚከለክለውን ፒ53 የተባለ ጠባቂ ያስፈርሳል፤ ኢ7 ሌላኛውን ጠባቂ ያሰናክላል። በካንሰሩ ሕዋሳት ውስጥ እነዚህን ሁለቱን ዝም ሲያሰኟቸው ሕዋሳቱ መባዛት ያቆማሉ። ማስረጃ ማለት ይህ ነው። በሳንባ ዕጢ ውስጥም «ቫይረሱ አለ ወይ?» ከማለት አልፈን «ኢ6 እና ኢ7 እየተመረቱ ነው ወይ?» ብለን መጠየቅ አለብን። እንዲህ ሲጠየቅ «አዎ» የሚለው ጥናት እጅግ ይቀንሳል።

ሆኖም «እጅግ ይቀንሳል» ማለት «ፈጽሞ የለም» ማለት አይደለም። ኤች.ፒ.ቪ 6 እና 11 በሕፃናት ማንቁርት ላይ ኪንታሮት ያበቅላሉ፤ ልጁ ድምፁ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ኪንታሮቱ ደጋግሞ በቀዶ ሕክምና ይነሣል። ከእነዚህ ጥቂቶቹ ላይ ኪንታሮቱ ወደ ሳንባ ይወርዳል፤ ከወረደባቸውም በአንዳንዶቹ ላይ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ካንሰር ይለወጣል። እዚህ ላይ የቫይረሱ እጅ ይታያል። ኤፕስታይን ባርም እንዲሁ በተለይ በምሥራቅ እስያ በማያጨሱ ሰዎች ላይ የሚታይ፣ ከ1987 ጀምሮ የሚታወቅ አንድ ብርቅ የሳንባ ካንሰር ዓይነት አለው። ከጠቅላላው የሳንባ ካንሰር አንጻር ሁለቱም እጅግ ጥቂት ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን የሚቀርበው ላይ ልድረስ። ቫይረስ ካንሰር ለማምጣት የግድ ዕጢው ውስጥ መግባት የለበትም። ኤች.አይ.ቪ በሳንባ ዕጢ ሕዋስ ውስጥ አይቀመጥም፤ ሆኖም ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች፣ የሚያጨሱት ልክ ተሰልቶ ከተቀነሰ በኋላም ቢሆን፣ በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ሆኖ ይገኛል። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም የተበላሸ ሕዋስን አሳድዶ የሚያጠፋው ኃይል ይዳከማል፤ ተደጋጋሚ የሳንባ ምችም ሳንባውን ያቆስላል። በ2016ቱ የአገሪቱ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት በሐረሪ ክልል ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩት 2.4 በመቶ ነበሩ፤ የአገሪቱ አማካይ 0.9 በመቶ ነበር። መድኃኒቱ ከ2005 ጀምሮ በነጻ በመሰጠቱ ብዙ ሰዎች በሕይወት ቆይተው ወደ ሽምግልና እየገቡ ነው፤ ይህ ትልቅ ደስታ ነው። ነገር ግን ካንሰር የዕድሜ በሽታ ስለሆነ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሳል ሲይዘው ሐኪሙ ስለ ሳንባ ካንሰርም የሚያስብበት ዘመን መጥቷል።

በ2025 ደግሞ ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ትኩረት የሚሻ ጥናት ወጣ። የጡት ካንሰር ሕዋሳት ወደ አይጦች ሳንባ ሄደው ተኝተው ነበር። አይጦቹ ኢንፍሉዌንዛ ወይም የኮቪድ ቫይረስ ሲይዛቸው የተኙት ሕዋሳት በቀናት ውስጥ ነቅተው መባዛት ጀመሩ። ያነቃቸው ቫይረሱ ራሱ ሳይሆን ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ የሚለቀው ኢንተርሉኪን 6 የተባለው የብግነት መልእክተኛ ነበር። ከካንሰር ድነው በኋላ ኮቪድ የያዛቸው ሰዎች መዝገብ ሲታይም አደጋው ጨምሮ ተገኝቷል። ይህ አዲስ የሳንባ ካንሰር መፈጠር አይደለም፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተደበቀ ካንሰር መቀስቀስ ነው። ለእኔ ግን ከታይዋኑ ቁጥር ይልቅ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጉንፋን የማይይዘው ሰው የለም።

ስለ ሳንባ ቁስለት ካነሣን ቲቢን መዝለል አይቻልም፤ ቫይረስ ባይሆንም። ቲቢ የያዘው ሰው ሳንባ ላይ ጠባሳ ይቀራል፤ ቲቢ ታመው የዳኑ ሰዎች በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሁለቱ በሽታዎች በሕመምተኛው ላይ አንድ መልክ አላቸው፦ የማይለቅ ሳል፣ አክታ ውስጥ ደም፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ራጅ ላይ ጥላ። ቲቢ በበዛበት አገር ሐኪም መጀመሪያ ቲቢን ማሰቡ ትክክል ነው። ነገር ግን አክታው ጂን ኤክስፐርት በተባለው የቲቢ መመርመሪያ ተመርምሮ ቲቢ ያልታየበት፣ ግን በግምት የቲቢ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው ሁለት ወር ወስዶ ሳሉ ካልተሻለው፣ «ስድስቱን ወር ጨርስ» ተብሎ መላክ የለበትም። ሲቲ ስካን፣ ቢቻልም የሳንባ ናሙና ያስፈልገዋል። በቀሩት አራት ወራት ውስጥ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ከሚችልበት ደረጃ ሊያልፍ ይችላል። ቤተሰቦች ይህን ጥያቄ ለሐኪም በግልጽ አቅርቡ፤ ድፍረት አይደለም፤ ሐኪሙም ይቀበላችኋል።

ቫይረስን ከመክሰሳችን በፊት የማያጨሱ ሴቶች የሚሠሩበትን ማድ ቤትም መመልከት ይገባናል። በቻይና ሹዋንዌይ በተባለ አካባቢ የማያጨሱ ሴቶች በሳንባ ካንሰር እንደ ቅጠል ይረግፉ ነበር። ምክንያቱ ቤት ውስጥ ያለ ጢስ ማውጫ የሚነደው የድንጋይ ከሰል ሆኖ ተገኘ። ጢስ ማውጫ ያለው ምድጃ ሲሠራላቸው ከዓመታት በኋላ በሽታው ወደ ግማሽ ገደማ ቀነሰ። ሊዮን የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም የቤት ውስጥ የድንጋይ ከሰል ጢስን ካንሰር አምጪ፣ የእንጨት ጢስን ደግሞ ካንሰር ሳያመጣ የማይቀር ብሎ መድቧል። የእኛ እናቶች ከልጅነት እስከ እርጅና የሚተነፍሱት የእንጨትና የከሰል ጢስ ነው። በዚህ ላይ በርጫ አለ። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ጫት ሲቃም ሲጋራው ይከተላል፤ ሌላ ጊዜ የማያጨስ ሰው ምርቃና ላይ ሲሆን ያጨሳል፤ አጠገቡ የተቀመጠውም ያንኑ ጢስ ሲስብ ይውላል። በ2016 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙት የኢትዮጵያ አዋቂዎች 5 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ይህ ከብዙ አገሮች ያነሰ ቁጥር በእጃችን ያለ ሀብት ነው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) በተዘጋ ሕዝባዊ ስፍራ ማጨስን ከልክሏል፤ በሲጋራ ፓኬት ላይም 70 በመቶውን የሚሸፍን የማስጠንቀቂያ ሥዕል አዟል። የበርጫ ቤቶቻችን ግን አዋጁን ገና አልሰሙትም።

እህትየዋ የጠየቀችው «ይጋባ ይሆን?» የሚለው ሳይመለስ መቅረት የለበትም። የሳንባ ካንሰር አይጋባም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት፣ ማስታመም፣ መሳም አያስይዝም። በአንድ ካንሰር ውስጥ የቫይረስ እጅ ቢኖር እንኳ የሚተላለፈው ቫይረሱ እንጂ ካንሰሩ አይደለም፤ ቫይረሱ ከያዛቸውም አብዛኞቹ ካንሰር አይይዛቸውም። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሐረር ላይ ቆሜ ስለሆነ ነው። በ1901 የፈረንሳይ ካፑቺን ሚሲዮናውያን እዚህ ለሥጋ ደዌ ሕመምተኞች መታከሚያ አቋቋሙ። ገንደ ፌሮም ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ ሰፈር ነው። ሥጋ ደዌ በመድኃኒት የሚድን ከሆነና ሕክምና የጀመረ ሰው ማስተላለፉን ማቆሙ ከታወቀ በኋላም ሕመምተኞቹና ልጆቻቸው በመገለል ብዙ ተጎድተዋል። «ካንሰር በቫይረስ ይመጣል» የሚል በግማሽ የተሰማ ወሬ በሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ላይ ያንኑ እንዲያደርስ መፍቀድ የለብንም።

ቫይረስን መከላከል ካንሰርን እንደሚከላከል ግን በተግባር ታይቷል። ታይዋን በ1984 ሕፃናትን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መከተብ ጀመረች፤ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በጉልህ ቀነሰ። ኢትዮጵያ ይህንኑ ክትባት ከ2007 ጀምሮ ለጨቅላዎች ትሰጣለች። የኤች.ፒ.ቪ ክትባት ደግሞ በታኅሣሥ 2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ። የሚሰጠው ለማሕፀን በር ነው፤ ለሳንባ ብለን አናስተዋውቀውም፤ ማስረጃው ለዚያ አይበቃም። ነገር ግን ክትባቱን ከመካንነት ጋር የሚያያይዘውን ወሬ ሰምታችሁ ሴት ልጃችሁን ያስቀራችሁ ካላችሁ፣ ወሬው ሐሰት መሆኑን እወቁና ልጅቷን ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በአገራችን ሴቶችን ከሚገድሉ ካንሰሮች የማሕፀን በር ካንሰር ከፊተኞቹ ተርታ ነው።

በመጨረሻ ይህ ጥያቄ በሐረር ራሱ ሊጠና እንደሚችል ልንገራችሁ። ቻምፕስ የተባለው የሕፃናትን ሞት ምክንያት የሚያጠና ዓለም አቀፍ ሥራ በሐረማያ ዩኒቨርሲቲና በለንደን የሃይጂንና የሐሩር ሕክምና ትምህርት ቤት አማካይነት እዚሁ ሐረርና ቀርሳ ላይ ይካሄዳል። ሕፃን ሲሞት፣ ወላጆች ሲፈቅዱ፣ አካሉ ሳይከፈት በመርፌ ከሳንባው፣ ከጉበቱና ከአንጎሉ ቅንጣት ናሙና ይወሰዳል፤ በአንድ ጊዜ ከመቶ በላይ ለሚሆኑ ተሕዋስያን ይመረመራል። በዚያ ምርመራ በአንድ ሳንባ ውስጥ ሦስትና አራት ተሕዋሲ አብሮ ሊገኝ ይችላል። የተገኘው ሁሉ ገዳይ ተብሎ አይጻፍም። የሕፃናት ሐኪም፣ የፓቶሎጂ ባለሙያና የተሕዋስያን ባለሙያ አንድ ላይ ተቀምጠው ናሙናውን፣ የሕመሙን ታሪክና የእናትን መዝገብ አገናዝበው ነው ምክንያቱን የሚወስኑት። የታይዋኑን ጥናት የጎደለው ይህ ዓይነት ፍርድ ነበር፤ ሐረር ላይ ደግሞ የሚያውቁት ባለሙያዎች አሉ። ወላጆችን ማስፈቀድ፣ ከሃይማኖት አባቶች ጋር መመካከር፣ ቀብር እንዳይዘገይ መጠንቀቅም በዚሁ ሥራ የተለመደ ሆኗል።

ከሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ የሚወሰድ ናሙና በሰም ተቀብሮ በአግባቡ ከተቀመጠ ከብዙ ዓመት በኋላም ይመረመራል። ስለዚህ አንድ ጥናት እንዲህ ቢሠራ እወዳለሁ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ከሚገኙ ሕመምተኞች የሚወሰደው የሳንባ ዕጢ በሥርዓት ይቀመጥ። ከጎኑ በሌላ ምክንያት የታመሙ፣ በዕድሜና በጾታ የሚመሳሰሉ ሰዎች ናሙና ይኑር። ሴት ከሆነች የማሕፀን በሯ ይመርመር፤ ዕጢው ከዚያ የመጣ እንዳይሆን። ቫይረስ ከተገኘ ኢ6 እና ኢ7 መመረታቸው ይፈተሽ። ሕመምተኛዋም ስንት ዓመት በምን ማገዶ እንዳበሰለች፣ በርጫ ላይ ማን አጠገቧ እንደሚያጨስ፣ ቲቢ ታማ እንደሆነ፣ የኤች.አይ.ቪ ምርመራ አድርጋ እንደሆነ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በኦሮምኛና በሶማሊኛ በደንብ ትጠየቅ። ይህ ሁሉ አብሮ ካልተሰበሰበ የሚገኘው ቁጥር ትልቅም ይሁን ትንሽ ምንም አይነግረንም።

አዳራሹ ውስጥ ያላችሁ የሕክምና ተማሪዎች ይህን ለመሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ ከጥያቄና መልሱ በኋላ እንነጋገር። አሁን ጥያቄያችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።